ከትንንሽ ልጆች ጋር የባህር ዳርቻ ውሎ፦ የትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ሰዓት? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የ2 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉን። ሦስት ዳርቻ አማርጠናል፣ ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራሉ። በምን እንለያቸው?

መልስ፦ ፎቶ ተዳፋት አያሳይም፤ እናንተ ማየት ያለባችሁ ደግሞ ተዳፋቱን ነው። አንዳችሁ ከልጆቹ ጋር አሸዋው ላይ ቆዩ፣ ሌላችሁ ከውሃው ጠርዝ ተነስታችሁ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ግቡ። በአሥረኛው እርምጃ ውሃው ገና ጉልበት ካልደረሰ ጥሩ ቦታ ነው። በሦስት በአራት እርምጃ ጭን ከነካ ግን ለ2 ዓመት ልጅ አይሆንም፤ እጃችሁን አስለቅቆ ሁለት እርምጃ ቢሮጥ ውሃው ከራሱ በላይ ነው።

ሳትገቡም አሸዋው ይነግራችኋል። ደቃቅ የሆነና ሲረጥብ እግር ሥር ጠንከር የሚል አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ለጥ ያለ ዳርቻ ላይ ነው የሚገኘው። ሻካራ አሸዋና ጠጠር ያለበት ቶሎ ይጠልቃል። ሞገዱ ሽቅብ የገፋው ውሃ በሻካራው አሸዋ መሀል ሰርጎ ስለሚቀር፣ ወደ ባህሩ የሚመለሰው ውሃ ጉልበት ያጣል። የመጣው ጠጠር እዚያው እየተከመረ ዳርቻው ቀጥ ይላል።

ቀጥሎ ሞገዱ የት እንደሚሰበር እዩ። ራቅ ብሎ ተሰብሮ አረፋ ሆኖ የሚደርስ ሞገድ ልጅ ያስቃል። ጠርዙ ላይ መጥቶ በአንዴ ድው ብሎ የሚወድቀው ግን ልጁን ይጥለዋል፣ ሲመለስም እግሩን ይዞ ለሚቀጥለው ሞገድ ያቀብለዋል። ድምፁን ከፓርኪንጉ ከሰማችሁት ሌላ ዳርቻ ፈልጉ።

ከሦስቱ አንዱን መሬት በሁለት በኩል ካቀፈው፣ ላይፍጋርድም (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሠራተኛ) ካለበት፣ እሱን ያዙ። ውበቱ አራተኛ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ወደ ጥልቁ ስለሚጎትት ጅረት እሰማለሁ። ዋና የማይችል ሰው ከዳር ቆሞ ሊለየው ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ እንዲያውም ከፍ ካለ ቦታ የሚያይ ሰው ውሃ ውስጥ ካለው ዋናተኛ ይበልጠዋል። ሞገድ እየደጋገመ ወደ ዳር የሚገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል። ወለሉ ላይ ጠለቅ ያለ ቦይ ካገኘ በዚያ ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ እሱ ላይ ሞገድ እንደልብ አይሰበርም። ስለዚህ በግራና በቀኝ ነጭ አረፋ እያለ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ መንገድ የመሰለ ክፍተት ይታያል። አረፋ፣ የደፈረሰ አሸዋ ወይም የባህር ሣር በዚያ በኩል ወደ ጥልቁ ሲጓዝ ካዩ ጉዳዩ አለቀ።

ክፋቱ፣ ለማያውቅ ሰው ከዳርቻው ሁሉ የተረጋጋው ቦታ ይኸው መምሰሉ ነው። ወላጅ «እዚህ ጋ ሞገድ የለም» ብሎ ልጁን የሚያስገባው ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍተት ላይ ነው። ብርቱ ጅረት በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ጎበዝ ዋናተኛም አይቀድመውም። ወደ ባህሩ ከገባ የድንጋይ ግንብና ከጀልባ ማረፊያ አጠገብ ደግሞ ጅረቱ ቋሚ ሊሆን ስለሚችል፣ ከእነዚህ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

የያዘው ሰው ከጅረቱ ጋር አይታገል። ጅረቱ ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አያሰምጥም። ተንሳፍፎ እጅ ማንሳትና መጮህ ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ ከዳርቻው ትይዩ፣ ወደ ጎን ዋኝቶ ይወጣል። ደርሳችሁ ዕቃ ከመዘርጋታችሁ በፊት 10 ወይም 15 ደቂቃ ውሃውን እዩት። ትልልቅ ሞገዶች በቡድን በቡድን ስለሚመጡ የሁለት ደቂቃ እይታ ያታልላል።

ጥያቄ፦ የባንዲራዎቹ ቀለም ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በብዙ አገር የሚሠራበት ይህ ነው። ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች በመካከላቸው ላይፍጋርድ የሚጠብቀውን ውሃ ያመለክታሉ፤ ከልጆች ጋር የምትገቡት በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ቢጫ ብቻውን መጠንቀቅ ነው፤ ከትንንሽ ልጅ ጋር ግን እንደ ቀይ ቁጠሩት። ቀይ አደገኛ ነው፤ ሁለት ቀይ ከተሰቀለ ውሃው ዝግ ነው። ሐምራዊ ባንዲራ ጄሊፊሽና (የሚነድፍ ለስላሳ የባህር እንስሳ) የመሳሰለው አለ ማለት ነው። ጥቁርና ነጭ በአራት የተከፈለው የሰርፍ ሰሌዳ ክልል ነው፤ ልጅ አይገባበትም። ከአገር አገር ልዩነት ስላለ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ላይፍጋርዶቹ የሥራ ሰዓት እንዳላቸውም አትርሱ፤ ባዶ ማማ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ባህሩ የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አንዋኝም፣ አሸዋ ላይ ነን።

መልስ፦ አሸዋ ላይ ለሚውል ነው ይበልጥ የሚጠቅመው! በአብዛኛው ቦታ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሞልቶ እስኪሸሽ 6 ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። የትናንቱን ሰዓት ይዞ የሚመጣ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ውሃው በእኩል ፍጥነት አይወጣም። ከፍታውን ለ12 ብትከፍሉት በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1 እጅ ይወጣል። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነ ቦታ፣ በመጀመሪያው ሰዓት 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር ሰው ይዘናጋል። በሦስተኛው ሰዓት ግን 1 ሜትር ይጨምራል። አሸዋው በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ያቺ 1 ሜትር 50 ሜትር አሸዋ ትውጣለች፤ በደቂቃ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ፎጣችሁን፣ ጫማውን፣ ጋሪውን አስቡት።

ለልጆች የሚመቸው ውሃው ሸሽቶ ሊጨርስ 2 ወይም 3 ሰዓት ሲቀረው መድረስ ነው። አሸዋው እየሰፋ ይሄዳል፣ ዓለቱ መሀል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፣ እርጥቡ አሸዋም ለቤት መሥሪያ ይሆናል። መመለስ ሲጀምር ከገደል ሥር ካለ አሸዋ ቀድማችሁ ውጡ። ውሃው ከሁለቱም ጫፍ ዓለቱን ከነካ ልጅ ይዞ መውጫ የለም። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል። እንደ ሜዲትራኒያን ባሉ ባህሮች ግን በአብዛኛው ትንሽ ስለሆነ ይህን ሁሉ ስሌት መተው ይቻላል።

ጥያቄ፦ ልጃችን በአየር የሚነፋ ፍላሚንጎ (በወፍ ቅርጽ የተሠራ መንሳፈፊያ) ተገዝቶለታል። ውሃው ፀጥ ካለ ችግር አለው?

መልስ፦ ፀጥታው ነው የሚያሳስበው። ነፋስ ከየብስ ወደ ባህር ሲነፍስ ዳሩ ላይ ያለው ውሃ ተስተካክሎ ይተኛል፤ የተነፋው ነገር ግን ሸራ ሆኖ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ተከትሎ መዋኘት አይታሰብም፤ ይሂድ። ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ተሰቅሎ ካያችሁ ጭራሽ አትንፉት። ደረቅ አሸዋ በእፍኝ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ወደ ባህሩ ከበተነው ፍላሚንጎው አሸዋ ላይ መቀመጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ የክንድ ላይ ፊኛስ?

መልስ፦ መጫወቻ ነው፤ ሊወልቅና ሊተነፍስ ይችላል። ከዚያ የሚከፋው ልጁም ወላጁም የሚተማመኑበት መሆኑ ነው። በልጁ ክብደት የተለካ፣ በእግሮቹ መሀል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ላይፍ ጃኬት ግዙ። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ሰፍቶታል። እሱንም ለብሶ ከክንዳችሁ ርቀት አይውጣ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ሁለት ልጅ ይዤ መሄድ እችላለሁ? አንዷ 6፣ አንዱ 3 ዓመታቸው ነው።

መልስ፦ ትችያለሽ፣ አንድ ሕግ ከያዝሽ፦ ወይ ሁለቱም ውሃ ውስጥ፣ ወይ ሁለቱም አሸዋ ላይ። ትልቋ ውሃ ላይ፣ ትንሹ ባልዲው ጋ ከሆነ አንዱን እያየሽ አይደለም ማለት ነው። የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልሙ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ከውሃው እኩል ሆኖ በፀጥታ ይወርዳል። ስለዚህ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሽንት ቤት ሦስታችሁም አብራችሁ ነው የምትሄዱት፤ ለአንድ አዋቂ ሽንት ቤት ቅርብ የሆነ ዳርቻ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ላይፍጋርድ ከሌለበት ግን እንደዚህ ሆነሽ አትሂጂ።

አዋቂዎች ብዙ ሲሆኑም «ሁላችንም እያየን ነው» የሚባለው ማንም አያይም ማለት ነው። አንድ ሰው ለ15 ደቂቃ ተረኛ ይሁን፣ ከዚያ በቃል ያስረክብ።

ጥያቄ፦ የዋና ልብስ ቀለም ለውጥ አለው?

መልስ፦ በጣም። ሰማያዊ፣ ነጭና ግራጫ ውሃ ውስጥ ይጠፋሉ። ደማቅ ብርቱካናማ፣ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ወይም ሮዝ ግዙ።

ጥያቄ፦ ጃንጥላ ሥር ውሎ ልጃችን ተቃጠለ። ክሬምም ተቀብቶ ነበር። ለምን?

መልስ፦ ጥላ ከቀጥተኛው ፀሐይ እንጂ ከሰማዩ ከሚበተነውና ከመሬት ከሚመለሰው ጨረር ሙሉ በሙሉ አያድንም። ደረቅ የዳርቻ አሸዋ 15 በመቶ ያህሉን፣ የባህር አረፋ 25 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ሁለተኛው ምክንያት መጠኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በታች ይቀባል። ለ5 ዓመት ልጅ ሙሉ ሰውነት 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከመውጣታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ፣ ከውሃ በወጣና በፎጣ በደረቀ ቁጥርም ድጋሚ። ክሬሙ ላይ የተጻፈው ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል መጠኑ) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የሚረሱት ቦታዎች ጆሮ፣ ማጅራት፣ የእግር ጀርባና የጉልበት ኋላ ናቸው።

ከክሬም ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የውሃ ልብስና ማጅራት የሚሸፍን ኮፍያ ይሻላል፤ ልብስ እንደ ክሬም በውሃ ታጥቦ አይለቅም፣ አይረሳም። የልጁ ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ ወደ ቤት ወይም ወደ እውነተኛ ጥላ።

ጥያቄ፦ የ4 ወር ሕፃን ይዘን ብንሄድስ?

መልስ፦ ማለዳ ወይም አመሻሽ፣ አጭር ቆይታ፣ ሙሉ ጥላ። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ጋሪውን በጨርቅ አትሸፍኑ፤ ውስጡ ቶሎ ይግላል። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጡ፤ በዚህ ዕድሜ ውሃ አያስፈልገውም። ባህሩ ለእሱ ቀዝቃዛ ነው፣ እግሩን ማስነካት ይበቃዋል። የዋና ዳይፐር ደግሞ ሽንት አይይዝም፤ ሰገራን ብቻ ነው ለትንሽ ጊዜ የሚያግደው። በየግማሽ ሰዓቱ እዩት፣ ከውሃው ራቅ ብላችሁ ለውጡት።

ጥያቄ፦ ትናንት ኃይለኛ ዝናብ ነበር፤ ዛሬ ግን ጠራ። እንሂድ?

መልስ፦ ለአሸዋው ሂዱ፣ ለውሃው 2 ወይም 3 ቀን ጠብቁ። ዝናብ የመንገዱን፣ የእርሻውንና የፍሳሹን ቆሻሻ ወደ ባህር ያወርዳል፤ ልጅ ደግሞ ውሃውን ይጠጣዋል። የወንዝ አፍና የፍሳሽ ቱቦ አጠገብ በማንኛውም ቀን አትቀመጡ። በተለይ አሸዋው ላይ ተኝታ የቀረች ሙቅ ውሃ ልጆችን ትስባለች፤ ከቱቦ የመጣች ከሆነች ከባህሩ የከፋች ናት።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ጉድጓድ መቆፈር ይወዳሉ። እሱ እንኳ ሰላም ነው አይደል?

መልስ፦ እስከ ጉልበት ድረስ፣ ያውም እስከ ትንሹ ልጅ ጉልበት ድረስ። ከላይ ያለው አሸዋ ሲደርቅ መያያዣው ይጠፋና ግድግዳው በአንዴ ይናዳል፤ አሸዋ ሲከብድ ደረት አያላውስም። የተያዘን ልጅ ለማውጣት ሲቆፈር ዙሪያው መልሶ ይገባል። ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚያገናኝ ዋሻ ጭራሽ የለም። ስትሄዱም ሙሉት፣ ማታ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ጄሊፊሽ ከነደፈ? ሽንት ያድናል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አያድንም። ከውሃ አውጡት፣ በባህር ውሃ እጠቡት፣ የተጣበቀውን ክር በወረንጦ አንሱ። በንጹህ ውሃ ማጠብና በአሸዋ ማሸት ያልፈነዳውን መርዝ ያፈነዳል። ከዚያ ሙቅ ውሃ፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ፤ ሙቀቱን መጀመሪያ በእናንተ እጅ ለኩ፣ የልጅ ቆዳ ይቃጠላል። ኮምጣጤ ለአንዳንዱ ዝርያ ጠቃሚ፣ ለሌላው ጎጂ ስለሆነ የዚያን ዳርቻ ላይፍጋርድ ጠይቁ። መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ፊቱ ካበጠ አምቡላንስ ጥሩ። ዳር ላይ የሞተ ጄሊፊሽም ይነድፋል፤ ልጆቹ በእንጨትም እንዳይነካኩት።

ጥያቄ፦ ልጅ እንዳይጠፋ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንደ ደረሳችሁ በዚያ ቀን ልብሱ ፎቶ አንሱት። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ። ጃንጥላ ምልክት አይሆንም፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ማማውን ወይም ሽንት ቤቱን አሳዩትና «ከጠፋህ እዚያ ቁም» በሉት። ከጠፋ መጀመሪያ ውሃውን እዩ፣ ወዲያው ለላይፍጋርዱ ንገሩ፣ ቀጥሎ አሸዋውን በግራና በቀኝ ተከፋፈሉ።

ጥያቄ፦ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ «አልበረደኝም» ይለኛል።

መልስ፦ ከንፈሩን እመኑ። አውጡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ አድርቁ፣ ደረቅ አልብሱ፣ ለብ ያለ ነገር አጠጡ። መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ሰውነቱ ሞቆ፣ ሲጫወት ካያችሁት ብቻ ድጋሚ ይግባ፤ ያኔም ለጥቂት ደቂቃ።

ጥያቄ፦ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ በእጁ ሲያሸው ባሰበት።

መልስ፦ እጁን ያዙ፣ በሚጠጣ ውሃ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ እያፈሰሳችሁ እጠቡት። ለዚህ ብቻ አንድ ጠርሙስ ውሃ ለይታችሁ ያዙ። አንድ ሰዓት ቆይቶም ከቀላ ወይም ዓይኑን መክፈት ካልቻለ ሐኪም ይየው።