ስለ ሲሊከን ጠባይ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመስኮት ክፍተት የምንደፍንበት ሲሊከንና የሶላሩ ሲሊከን አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የመስኮቱ ሲሊኮን የሚባል ውህድ ነው፤ ሲሊከን፣ ኦክስጅን፣ ካርቦንና ሃይድሮጅን ስላለበት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲሊከን ራሱ ግራጫ፣ የሚያብለጨልጭ ንጥረ ነገር ነው፤ ብታጎብጡት ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ብረት ይመስላል። ብረት ነው?

መልስ፦ መልኩ አያታልላችሁ። መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ ንጹሕ ሲሊከን ግን ሲሞቅ ይበልጥ ያሳልፋል። በጣም የሚገርመው ግን፣ በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ እንደ ብረት አስተላላፊ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አቅልጠን ስናቀዘቅዘው ማሰሮው ለምን ይሰነጠቃል?

መልስ፦ ሲሊከን እንደ ውኃ ሲረጋ ያብጣል። ፈሳሹ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.57 ግራም ሲመዝን ጠጣሩ 2.33 ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠኑ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ላዩ ቀድሞ ከረጋ ከሥር የታፈነው ፈሳሽ መሄጃ ያጣና ማሰሮውን ይገፋዋል። መፍትሔው ከታች ወደ ላይ እንዲረጋ ማድረግ ነው፦ ከሥር አቀዝቅዙ፣ ከላይ ሙቀቱን ያዙ። ሁለተኛው ምክንያት መጣበቅ ነው። የኳርትዝ ማሰሮ ላይ ይጣበቅና ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይሰነጠቃሉ፤ የሶላር ፋብሪካዎች ውስጡን ሲሊከን ናይትራይድ የሚቀቡት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዋፈር (ስስ የሲሊከን ገበታ) ስቆርጥ እንዳሻው ይሰበርብኛል።

መልስ፦ ዳር እስከ ዳር አትጫር። ጫፉ አልማዝ በሆነ መጫሪያ ጠርዙ ላይ ብቻ 5 ሚሊሜትር ያህል ጭረህ፣ ከጭረቱ ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተህ በግራና በቀኝ ተጫን። ክሪስታሉ በራሱ መስመር ይሰነጠቃል፤ 100 የሚባለው ዋፈር በ90 ዲግሪ፣ 111 የሚባለው በ60 ዲግሪ (ቁጥሮቹ ክሪስታሉ የተቆረጠበትን አቅጣጫ ይነግራሉ)። ከመስመሩ ውጭ ካስገደድከው ይፈረካከሳል። መነጽር አድርግ፤ ስባሪው እንደ መስታወት ስለታም ነው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ፓኔሌ ለምን ይዳከማል?

መልስ፦ የሚጎዳው ብርሃኑ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። እያንዳንዱ ሴል በአንድ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ገደማ ያጣል። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 65 ሲደርስ፣ 60 ሴል ያለው ፓኔል 4.8 ቮልት ያህል ይወርዳል። ቆርቆሮው ላይ አታስተኛው፤ ከሥሩ 10 ሴንቲሜትር ያህል ለነፋስ ተው። ብርድ ባለበት ጠዋት ደግሞ ቮልቴጁ ከተጻፈው በላይ ይወጣል፤ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ስትገዛ ይህን ቮልቴጅ የሚችል መሆኑን አስብ።