የት ቆየህ ያልኩት አባት

ለመጻፍ ለምታስቡ ልጆቼ፣

መንዝ ውስጥ በጤና መኮንንነት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማታ ብርዱ ሲጠና ባና ተከናንቤ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። አብዛኛው አልታተመም። "ታዲያ ምን አተረፉበት?" ላላችሁኝ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ገና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንድ የክረምት ማለዳ አንድ ገበሬ ልጁን በቃሬዛ አስይዞ መጣ። የሳንባ ምች ነበረባት፤ ከታመመች 4ኛ ቀኗ። በሰው ፊት "እስከዛሬ የት ቆየህ? ልጅህ አይደለችም?" ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ልጅቷ ዳነች። የእሱ ዝምታ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ስሙንና መንደሩን ቀይሬ ልጽፈው ተነሣሁ። በራሴ አፍ ስጽፈው ንዴቴን ደገምኩት እንጂ ታሪክ አልሆነልኝም። በእሱ አፍ ስሞክረው ደግሞ እስክሪብቶዬ ቆመ። ቃሬዛ እየተቀባበለ የሚሸከም ቢያንስ 8 ሰው ያስፈልጋል፤ በአረም ሰሞን 8 ወንድ ከየት ይገኛል? ወንዙስ ሞልቶ ቢሆን? እናትየዋ ሌሊቱን ምን ስትለው አደረች? ይህን ሳልመልስ አንዲት መስመር መቀጠል አቃተኝ። ያን ጠዋት ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውም ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ዘግይቶ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "መንገዱ እንዴት ነበር?" ሆነ። ሰዎችም ይነግሩኝ ጀመር፤ ደብቀውት የኖሩትን ሕመም ጭምር።

መጻፍ ለጸሐፊው ለራሱ ጤና እንደሚበጅም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጽፈው ነበር። ድርጊቱንም ስሜቱንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ከፍቷቸው ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ለሕክምና የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ በጻፋችሁበት ሌሊት እንባ ቢመጣ አትደንግጡ። ሐዘኑ ሳምንታት ካለፈው ግን ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ጊዜ የለንም አትበሉኝ። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ልብ ወለድ አሳትመዋል። ስትጽፉም በቤታችሁ አማርኛ ይሁን። ኅዳር ላይ ውርጭ ባቄላውን መትቶት ሲያድር እናታችሁ ማሳው ዳር ቆማ የተናገረችውን ጻፉ፣ ሬዲዮ ያወራውን ተዉት።

የዚያን አባት ታሪክ እስካሁን አልጨረስኩትም። ሲመለሱ ልጅቷ በእግሯ ሄደች ወይስ ተሸከማት? ትናንት ማታ በትከሻው አድርጎ ወሰዳት ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ ልቀይረው ነው፤ ዳገቱ ላይ ስትደርስ "አውርደኝ" የምትለው ይመስለኛል።