ሰርግ ለሚያነሳ ሚዲየም ፎርማት ያዋጣል?

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ሰርግ እያነሳህ፣ አልፎ አልፎም ጮቄ ተራራ እየወጣህ ከፉል ፍሬም ካሜራህ ወደ ሚዲየም ፎርማቱ ፉጂ ጂኤፍኤክስ ልቀይር ወይ ብለሃል። ለሰርጉ አትቀይር። የጂኤፍኤክሱ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚይዘው ክፍል) 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር ነው፤ የቆዳ ስፋቱ የፉል ፍሬም 1.7 እጥፍ ገደማ ነው። የጀርባው ብዥታ ግን በሌንሱም ይወሰናል፦ የጂኤፍኤክሱ 110 ሚሜ ኤፍ 2 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብዥታውም ይጨምራል) በፉል ፍሬም ሲለካ 87 ሚሜ ኤፍ 1.6 ገደማ ነው። 85 ሚሜ ኤፍ 1.4 ካለህ እንዲያውም በብዥታው አንተ ትበልጣለህ። ፍላሽ ሲንኩም (ከፍላሽ ጋር የሚሠራው ከፍተኛው የሹተር ፍጥነት) 1/125 ሰከንድ ላይ ያበቃል፤ ጣና ዳር በጠራራ ፀሐይ የሙሽሮቹን ፊት በፍላሽ ላብራ ካልክ ሌንሱን ክፍት አድርገህ ለመሥራት ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ወይም ሃይ ስፒድ ሲንክ (ፍላሹን ከዚያ በፈጠነ ሹተር የሚያሠራ ስልት) ግድ ይልሃል።

ለጮቄ ግን ልዩ ነው! ባለ 100 ሜጋፒክስሉ ሞዴል የጅብራው ተክል ቅጠል ጠርዝ አንድ በአንድ ይለያል። ትሪፖድና የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም፣ ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠብቅ። ያልታመቀው ባለ 16 ቢት ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) 200 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን ኮምፒውተርህንም አስብበት።