በመጣህበት ተመለስ፦ ማዞግስን ለጀመረ ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ማዞግስን በኢሙሌተር (የድሮ ኮምፒውተርን በሚያስመስል ፕሮግራም) ጀመርኩ፤ ሀብቱ ጋ እደርሳለሁ፣ ስመለስ ግን ሁሌ እሞታለሁ» ብለሃል። እኔም ለረጅም ጊዜ እዚያው ላይ ነበር የምቀረው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማዞግስ ጉራንጉር ውስጥ ገብተህ ሀብት የምታገኝበትና ይዘኸው በሕይወት የምትወጣበት የድሮ የኮምፒውተር ጌም ነው። ሀብቱን ካነሳህ በኋላ ሰይፍ መያዝ አትችልም። ሸረሪት የመሰሉት ማዞጎች ደግሞ ያው ጉራንጉሩ ውስጥ አሉ። ሰይፍ ካለህ ሁሌም ታሸንፋለህ፤ አንዱን ገድለህ ግን ሰይፉ ያልቃል። ባዶ እጅህን ከገጠምክ መትረፍህ የእድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዋናው ፈተና መመለሱ ነው።

የኔ ጥፋት ሀብቱን እንዳነሳሁ አቋራጭ መፈለጌ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ያሉትን እስረኞች ስትነካቸው መንገዱን ያሳዩሃል አይደል? በዚያ ስጣደፍ ሄጄበት የማላውቀው መታጠፊያ ላይ ከማዞግ ጋር ፊት ለፊት እጋጫለሁ። አሁን ስሄድ ሰይፍ ባገኘሁ ቁጥር መንገዴ ላይ ያሉትን ማዞጎች እየጠረግኩ እሄዳለሁ። ስመለስ በመጣሁበት ነው፤ ቢረዝምም። እስረኛው የሚያሳይህ ምልክት ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ስትሄድ መታጠፊያዎቹን በደንብ ያዝ። እኔ ወረቀት ላይ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ» እያልኩ እጽፍ ነበር። እርምጃህም የተቆጠረ ስለሆነ ዝም ብለህ አትዙር።

ይሄ የሚሠራው ማዞጎቹ ባሉበት በሚቆሙበት በቀላሉ ደረጃ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ይንቀሳቀሳሉ፤ ያጸዳኸው መንገድም አያስተማምንም። መጀመሪያ ቀላሉን ጨርስ።

እኔ እንግሊዝ አገር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በገዛሁት ዜድኤክስ 81 ነው የተጫወትኩት። ኮምፒውተሩ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የነበረው ሜሞሪ 1 ኪሎባይት ብቻ ነው። ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው። ለማዞግስ ከኋላ የሚሰካ 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ያስፈልጋል። ካሴቱን አስገብተህ የቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ሲጋልብ ደቂቃዎች ትጠብቃለህ። አንድ ቀን ሀብቱን ይዤ ልወጣ ስል ጠረጴዛውን በክርኔ ነካሁት። የተሰካው ሜሞሪ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ስክሪኑ ደረቀ፣ በቃ። እንደገና ከካሴቱ። አንተ በኢሙሌተር ስለሆንክ ከዚህ ተርፈሃል።

ዶን ፕሪስትሊ በ1982 እ.ኤ.አ. በዚያች ማሽን ላይ ይህን ጌም መሥራቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በጥቁርና ነጭ ብቻ የተሠራ ሰውዬ እግሩን እያንቀሳቀሰ ሲራመድ ስታይ፣ ሜሞሪው ያንን ያህል ጠባብ መሆኑን ትረሳዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሀብቱ አጠገብ ሰይፍ ይዘህ ከደረስክ ቶሎ አታንሳው። መጀመሪያ ጉራንጉሩን ሰፋ አድርጎ የሚያሳየውን እይታ ክፈት። ከመንገድህ ጥግ የተወሸቀ ማዞግ ካለ ሄደህ ጨርሰው፣ ከዚያ ተመልሰህ ሀብቱን አንሳ።