ሲኤንሲ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለማሰር ለምታስቡ ልጆች

ልጆቼ፣

ሲኤንሲ በኮምፒውተር ትእዛዝ እየተንቀሳቀሰ እንጨት የሚጠርብ ማሽን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወርክሾፔ መጥቶ «ጋሼ፣ ሲኤንሲው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ማሰር ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልኩት። ፊቱ በራ። ወዲያው «ግን መጀመሪያ ቁጭ በል» ስለው ትንሽ ከፋው። እዚህ ጅማ ማሽኑን የገዙ ልጆች በዝተዋል፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ረከቦት ታዛላችሁ። ማሽኑ የሲኒውን ጉድጓድ፣ የዳሩን ሐረግ፣ ሁሉንም በአርባ ደቂቃ ጠርቦ ያወጣዋል። ከዚያ ፑንታው፣ ማለትም የሚጠርበው ስለት፣ የተወው ደቃቅ መስመር አለ። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት አንድ ልጅ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ያሻል። ጣቱ ይላጣል፣ ስልኩን እያየ ያሻል፣ አንዱ ጋ ያበዛል፣ ሌላው ጋ ይረሳል። ታዲያ ማሽኑ ለምን አይሠራውም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ብቻ አንድ ነገር አለ።

የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ። ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ኮላ የለው፣ ሚስማር የለው። ልጅ ሆኜ ሥራ ያሳዩኝ ሽማግሌ መቀመጫውን ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እዚህ ጋ» ይሉኛል። እኔ አያለሁ፣ ምንም የለም። በጣቴ ስነካው አለ።

ሲኤንሲ ይህን መዳፍ የለውም። ማሽኑ የሚያውቀው ቦታ ነው። «ከዚህ ተነስተህ እዚያ ሂድ፣ ዜድህን (ከፍታህን) እዚህ ላይ አድርግ» ስትሉት ይሄዳል። እንጨቱ ይኑር አይኑር፣ ይጉበጥ ይቅና፣ ደንታው አይደለም። ማሸት ደግሞ የቦታ ሥራ አይደለም፤ የግፊት ሥራ ነው። በእጃችሁ ስታሹ ከፍ ያለው ላይ ጫን ትላላችሁ፣ ዝቅ ያለው ላይ ቀለል ታደርጋላችሁ። ሳታስቡት ነው የምታደርጉት።

አሁን ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ጠንካራ ዲስክ ማሽኑ ላይ እሰሩና «0.2 ሚሊ ግባ» በሉት። ዋንዛው ከገበያ የመጣ ነው፣ ክረምት ነው፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጣውላው አንድ ሚሊ ጎብጧል። አንዱ ጫፍ ይቃጠላል። ሌላው ጫፍ ወረቀቱ ጨርሶ አይነካውም። እኔ የመጀመሪያውን ጣውላ እንዲህ ነው ያበላሸሁት። ጥቁር ጨረቃ የመሰለ ምልክት እስከ ዛሬ የመሣሪያ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

መፍትሔው ተራ ነገር ነው፤ ስፖንጅ። ሁለት ሳንቲም ውፍረት ያለው፣ ጠንከር ያለ የፍራሽ ስፖንጅ በዲስኩና በወረቀቱ መሀል ይገባል። ማሽኑ ወደ ታች ሁለት ሚሊ ያህል እንዲጫን ታደርጋላችሁ። የጣውላውን ጉብጠት ስፖንጁ ይውጠዋል። ማሽኑ አሁንም የሚያውቀው ቦታ ብቻ ነው፤ ግፊቱን ስፖንጁ ያውቅለታል። አንዳንዶች በስፖንጅ ፈንታ ሞላ ያደርጋሉ። ያም ይሠራል። ጠርዝ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዲስኩ ግማሹ ከእንጨቱ ውጭ ከወጣ ስፖንጁ ወደ ታች ይወርድና ጠርዙን ያዶለዱመዋል። ሁለት ሦስተኛው ሁልጊዜ እንጨቱ ላይ ይቆይ።

ቀጥሎ ዙር። ይሄ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። የማሽኑ ስፒንድል፣ ፑንታውን የሚያዞረው ሞተር፣ በደቂቃ እስከ 24,000 ዙር ይሄዳል፤ የተሠራው ለፑንታ ነው። የ50 ሚሊ ዲስክ በዚያ ዙር ጠርዙ በሰዓት ወደ 226 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከጅማ አዲስ አበባ በዚያ ፍጥነት የሚነዳ ሹፌር አላየሁም፤ ሌሊት የሚነዱትንም ጨምሮ። እንጨቱ ይጠቁራል፣ ወረቀቱ በሙጫና በዱቄት ይደፈናል፣ ባስ ካለ ይገነጠላል። ወደ 8,000 ብታወርዱት 75 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያ የሰው ፍጥነት ነው። ዲስኩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙር ደግሞ ሳታነቡ አትሰሩ። አንድ ሌላ ነገር፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ስፒንድል ማራገቢያው ብዙውን ጊዜ ከራሱ ዘንግ ጋር ነው የሚዞረው። ዙሩን ዝቅ ስታደርጉት ማራገቢያውም ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል። እያቆማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የሚዞር ዲስክ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል። በደረቁ አይታይም። ቫርኒሽ ሲነካው ብቅ ይላል፤ ደንበኛው ፊት። ስለዚህ በሻካራው፣ በ80 እና በ120 ቁጥር ወረቀት፣ ማሽኑ ይድከም። ለስለስ ያለውን 180ውን በእጃችሁ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ጨርሱት። ግማሽ ቀን የነበረው ሥራ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ይበቃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

«ታዲያ ስፒንድሉን ሳላዞር ወረቀቱን እየጎተትኩ በመስመሩ ባሻስ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ያ ብልጥ እኔም ነበርኩ። የጣውላ ቁራጭ በቡሎን ስፒንድሉ ላይ አሰርኩ፣ ከታቹ ወረቀት ለጠፍኩ። ፕሮግራሙን በለመድኩት መንገድ አወጣሁት። ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ መጀመሪያው ላይ «ኤም 3፣ ኤስ 18000» ብሎ እንደሚጽፍ ረሳሁ። ስፒንድሉን አስነሣ ማለት ነው። ማስነሻውን ስጫን የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጣውላው ተወርውሮ የመስኮቱን መስታወት ይዞ ወጣ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሻይ ሊያመጣ ወጥቶ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ግን ልክ እዚያ መስኮት ሥር ነው። ሁለቱንም ብርጭቆ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ምንም አላለም።

ከዚያ ወዲህ የማይዞር ነገር ሳስር መጀመሪያ ያቺን መስመር አጠፋለሁ። ከዚያ ለስፒንድሉ ኃይል የሚሰጠውን የኢንቨርተሩን ማብሪያ አጠፋለሁ። ኮዱን ብቻ አምኜ አልቀመጥም።

ማሽኑ ሌላም ብዙ ያደርጋል። እስክሪብቶ አስሬበት ለጎረቤቴ ልብስ ሰፊ የኮት ልክ በትልቅ ወረቀት ሥዬለታለሁ። ጠማማ ግንድ አስተካክዬበታለሁ፤ በመላጊያ ማሽን የማያልፍ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ሰፊ ፑንታ አስራችሁ ብታስሄዱት እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። በመዳሰሻ ሽቦ የአሮጌ በር ቅርጽ ነጥብ በነጥብ አስለክቼ አምሳያውን ቀርጫለሁ። እነዚህ ሁሉ የቦታ ሥራ ናቸው፤ ስለዚህ ያምሩበታል። አንዲት እናት ደግሞ «ይሄ ማሽን ምጣዴን ያለሰልስልኝ ይሆን?» ብለው መጥተው ነበር። ስቄ መለስኳቸው። በሆዴ ግን ሦስት ቀን አስቤበታለሁ።

ያልሞከርኩት በአቧራው ምክንያት ነው። የሸክላ ዱቄት የማሽኑ ሐዲድና ጠመዝማዛ ዘንግ ላይ ሲያርፍ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ከወረቀቱ የሚረግፈው አሸዋም እንደዚያው ነው። ካሻችሁ በኋላ ሐዲዱን በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲስ ግራሶ ቀቡ። በኮምፕረሰር አትንፉት፤ ኩሽኔታው ውስጥ ነው የምትከቱት።

ስለራሳችሁ ሳንባም ልንገራችሁ። ሰጋቱራ መሬት ይወድቃል፣ ትጠርጉታላችሁ። የማሸት አቧራ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። እኔ ያለ ማስክ ነው ያደግሁት፤ ጠዋት ጠዋት ሳሌን የሚሰማ ጎረቤቴ ነው። ማሽኑ ብቻውን ያሻል ብላችሁ አጠገቡ ቆማችሁ አትተንፍሱት። መምጠጫ አድርጉለት፣ በሩን ክፈቱ፣ ማስክ ልበሱ።

መብራቱን ምን ልበላችሁ። ግልገል ጊቤ አንድ አፍንጫችን ሥር ሆኖ 184 ሜጋዋት ያመነጫል፤ የእኛ ሰፈር ግን ሥራው መሀል ላይ ትጨልማለች። ፑንታ ከሆነ እንጨቱ ውስጥ ይቆማል። ዲስክ ከሆነ ተጭኖ ይቆማል፣ ስፖንጁም እንደተጨመቀ ያድራል። የመነሻውን ቦታ በእርሳስ ጻፉ፤ መብራት ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላላችሁ።

ያ ልጅ ትናንት ተመልሶ መጣ። ብብቱ ሥር ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጠው ስፖንጅ አለ። ጨመቅ አድርጌ አየሁት፤ ለስላሳ ነው፣ ይሰምጣል። እሱን ለትራስ አድርገው፣ ጠንከር ያለ ፈልግ አልኩት። ቅዳሜ ሂርማታ ገበያ እሄዳለሁ ብሏል።