ቁልፍ የሚመስል ግን ቁልፍ ያልሆነ ነገር

ጥያቄ፦ «ለተለያዩ ደንበኞች ዌብሳይት እሠራለሁ፤ በቅርቡ አንዱን ሠርቼ አስረከብኩ። በማውስ ሁሉም ነገር ይሠራል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በኪቦርድ ብቻ የሚጠቀም አንድ ጎብኚ ግን ፎርሙን ሞልቶ መላክ እንዳልቻለ ጻፈልን። ‹ላክ› የሚለውን ቁልፍ የሠራሁት በዲቭ (ማንኛውንም ነገር በሚይዝ ተራ የገጽ ሳጥን) ነው፤ እሱ ላይ ‹ሮል› እና ‹ታብኢንዴክስ› ጨመርኩ። አሁን ታብ ይደርስበታል፣ ኤንተር ሲጫን ግን ምንም የለም። ኮዱን አያይዣለሁ። ምን ቀረኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የቀረሽ ነገር የለም፤ ይልቅ የጨመርሽው በዛ። ‹ሮል› ለስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ለሚያነብ ፕሮግራም) «ይሄ ቁልፍ ነው» ብሎ ይነግረዋል፣ በቃ። ‹ታብኢንዴክስ› ደግሞ በታብ የሚደረስበት ተራ ያስይዘዋል። መጫኑን ግን ሁለቱም አያመጡትም። ኤንተርንም ስፔስንም ለየብቻ በጃቫስክሪፕት ልትጽፊ ነው። ለምን ትደክሚያለሽ?

ዲቩን አጥፊና እውነተኛውን የ‹በተን› ታግ (ለቁልፍ ተብሎ የተዘጋጀውን የኮድ ምልክት) አስገቢ። ታብ፣ ኤንተር፣ ስፔስ ሁሉም አብረውት ይመጣሉ። ሌላም አለ፦ ጎብኚው ገና የጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ እያለ ኤንተር ቢመታ ፎርሙ ይሄድለታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ፎርም ውስጥ ያለ በተን ‹ታይፕ› ካልተጻፈለት መላኪያ ነው ተብሎ ይወሰዳል። የይለፍ ቃል ማሳያ ዓይነት ቁልፍ ካለሽ ታይፑን ‹በተን› በይው፣ አለበለዚያ ሲነካ ፎርሙን ይልከዋል።

ብዙ ሰው ወደ ዲቭ የሚሸሸው የበተን መልክ ስለሚያስጠላው ነው። ይገባኛል። ግን መልኩ በሲኤስኤስ (የገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ) ይስተካከላል፦ ቦርደሩን አንሺ፣ ባክግራውንዱን ቀይሪ፣ ፎንቱን ‹ኢንሄሪት› (ውረስ) በይው። በተን የገጹን ፎንት በራሱ አይወርስም፤ ባዕድ የሚመስለው አንዱ በዚህ ነው።

ኮድሽ ውስጥ ‹አውትላይን› (ታብ የደረሰበትን ነገር የሚከብበው መስመር) ‹ነን› (የለም) ተብሎ አየሁ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። በኪቦርድ የሚሄድ ሰው የት እንዳለ የሚያውቀው በዚያ መስመር ነው። ደንበኛው «ይሄ መስመር ምንድነው?» ብሎሽ ከሆነ ‹ፎከስ ቪዚብል› የሚባለውን የሲኤስኤስ መምረጫ ተጠቀሚ። መስመሩ ቁልፍ በማውስ ሲነካ አይታይም፣ በታብ ሲደረስ ይታያል።

የሳጥኖቹ ስም ደግሞ ፕሌስሆልደር (ባዶ ሳጥን ውስጥ የሚታየው ደብዛዛ ጽሑፍ) ብቻ ነው። ሰው መጻፍ ሲጀምር ይጠፋበታል። ለእያንዳንዱ ሳጥን ሌብል (ከሳጥኑ ውጭ የሚቆም ስም) ስጪውና የሌብሉን ‹ፎር› ከሳጥኑ ‹አይዲ› ጋር አንድ አድርጊ።

ለተለያዩ ደንበኞች እንደምትሠሪ ጽፈሻል። አንድ በደንብ የተፈተነ ፎርም ይኑርሽና ለእያንዳንዱ መልኩን ብቻ ቀይሪለት። ቀለም በቀየርሽ ቁጥር ግን ንጽጽሩን (የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ልዩነት) እንደገና ለኪ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደብሊውካግ 2.2 የተባለው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛው ደረጃው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይጠይቃል። ነጭ ላይ #767676 ግራጫ 4.54 ይሆናል፣ ያልፋል። #777777 ደግሞ 4.48፤ ይወድቃል። በዓይን ልዩነታቸው አይታይም፣ ስለዚህ በመለኪያ እንጂ በግምት አትሥሪ።

ከዚያ ማውሱን ንቀዪና ፎርሙን ከላይ እስከ ታች በኪቦርድ ሙይው። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ለዊንዶውስ በነፃ ይገኛል፤ እሱንም ከፍተሽ አዳምጪው። ሲያልቅ ለዚያ ጎብኚ መልሰሽ ጻፊለት፣ አንዴ እንዲሞክረውም ጠይቂው።