ሸክላ ላይ ስፌት ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እዚህ ለንደን አንድ ሙዚየም ውስጥ ከቻይና የመጣ አረንጓዴ የሸክላ ዕቃ አየሁ። ቁርጥ ስልቻ! ጠጋ ብዬ ሳየው ደግሞ ጎኑ ላይ የስፌት መስመር አለው። ጽሑፉ «ሊያኦ» ከማለት በቀር ምንም አያብራራም። ለሸክላ ስፌት ምን ያደርግለታል?
አንባቢያችሁ፣ ከለንደን

መልስ፦ ዓይንዎ አልሸወደዎትም። የሠሩት ኪታን የሚባሉ ከብት አርቢና ፈረሰኛ ሕዝቦች ናቸው። ዛሬ «ውስጣዊ ሞንጎሊያ» በሚባለው የቻይና ግዛት ይዘዋወሩ ነበር፤ ሊያኦ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ907 እስከ 1125 የገዛው ሥርወ መንግሥታቸው ነው። ድንኳኑን ነቅሎ በፈረስ ለሚጓዝ ሰው ገንቦ አይሆነውም፤ አንዴ ከወደቀ አለቀለት። ስለዚህ የሚጠጣውን በቆዳ ኮዳ አድርጎ ኮርቻው ላይ ያንጠለጥላል።

ሸክላ ሠሪው ያንኑ ኮዳ ነው በጭቃ የሠራው፣ ያውም አንድ ነገር ሳያስቀር። ቆዳና ቆዳ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ቀጭን የጭቃ ክር ይለጥፋል፣ ከዚያ መርፌ የገባበት እንዲመስል ዳር ዳሩን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ሆዱ ከታች ነፋ፣ ከላይ ጠፍጠፍ ይላል። አፉ አጭር ሆኖ ወደ አንድ ጎን ይወጣል፤ ከአጠገቡ ጠፍሩ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። አንዳንዱ ይህን የፈጠራ ማነስ ይለዋል፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። አብዛኞቹ የተገኙት ከመቃብር ነው። ለሟች ስንቅ የሚያዘጋጅ ሰው በሕይወቱ እጁ የለመደውን ዕቃ ቢሰጠው ምኑ ይገርማል?

በጣም ደስ የሚለው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ነው። ኪታኖች ከተማ እየቆረቆሩ ረግተው መኖር ሲጀምሩ ዕቃውም አብሯቸው ተቀየረ፦ ቁመቱ ረዘመ፣ በቀዳዳው ፋንታ እጀታ ወጣለት፣ ከሥሩም መቀመጫ ተበጀለት። ኮርቻ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሆነ ማለት ነው። ስፌቱ ግን ብዙዎቹ ላይ አልጠፋም፤ ማንም የማይሰፋው ስፌት! እርስዎ ያዩት ባለ ቀዳዳ ከሆነ ከቀደሙት መካከል መሆኑ አይቀርም።

ከወደዱት በቻይንኛ ስሙ «ጂጓን ሁ» ብለው ይፈልጉ፣ ብዙ ፎቶ ያገኛሉ። ቅርጹን ደግሞ ኪታኖች ብቻ አይደሉም የወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1970 በቻይናዋ ሺአን ከተማ ከመሬት የወጣ፣ ከሊያኦ በፊት በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሠራ የብር ኮዳ አለ፤ እሱም የቆዳውን ስልቻ የመሰለ ነው፤ ጎኑ ላይ በወርቅ የተለበጠ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቁጢጥ ብሎ ዋንጫ በአፉ ይዟል።